የሰውነት ልክ መውሰድና ማወዳደር፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስፖርት የጀመረ ሰው ቆይቶ "ለውጥ አለኝ?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጂም ይግባ፣ የጦሳን ተራራ በጠዋት ይውጣ፣ ቤቱ ምንጣፍ ላይ ፑሽ አፕ ይሥራ፣ ጥያቄው ያው ነው። ሰፈርተኛው ደግሞ ሳይጠየቅ ይመልሳል። አንዱ "ከሳህ፣ ምን ሆነህ ነው?" ይላል። ሌላው በዚያው ቀን "ተመችቶሃል!" ይላል። ሁለቱን ከመስማት አንድ ሜትር መግዛት ይሻላል።

ሚዛን ላይ እየወጣሁ ነው። ሜትር ደግሞ ለምን?

ሚዛን የሚነግራችሁ ድምሩን ነው። አጥንት፣ ጡንቻ፣ ስብ፣ ውሃ፣ ትናንት ማታ የተበላው እንጀራ ሳይቀር አንድ ላይ ይመዘናል። የቱ ጨመረ፣ የቱ ቀነሰ የሚለውን አይለይም። የጤነኛ ሰው ክብደት በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ አንድ ሁለት ኪሎ ከፍ ዝቅ ይላል። ጨው የበዛበት ምግብ ውሃ ይይዛል። ሰውነት የሚያስቀምጠው ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችትም በያንዳንዱ ግራም ወደ 3 ግራም የሚጠጋ ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። እንጀራና ዳቦ የተወ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት "ሦስት ኪሎ ጣልኩ" ብሎ የሚፎክረው ለዚህ ነው። አብዛኛው ውሃ ነው፣ ተመልሶ ይመጣል።

መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች ዘንድ መመዘን ምንም አይደለም። ግን ዛሬ ፒያሳ፣ በሳምንቱ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ አንዴ በጫማ፣ አንዴ በጃኬት ተመዝኖ "ጨመርኩ፣ ቀነስኩ" ማለት አያስኬድም። ያ ሁለት ሚዛን ማወዳደር ነው። ሚዛኑ ያረፈው ያዘነበለ አስፋልት ላይ ከሆነማ ተዉት።

ምን ዓይነት ሜትር ልግዛ?

የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ርዝመቱ 150 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ፊቱ ሳንቲ ሜትር፣ በሌላው ኢንች አለው። አንድ ኢንች 2.54 ሳንቲ ሜትር ነው። አንዱን ፊት ምረጡና በዚያው ዝለቁ፤ ደብተሩ ላይ "34" ብቻ ተጽፎ ከወር በኋላ ምን እንደነበረ የጠፋው ሰው ብዙ ነው። የአናጺ ብረት ሜትር ገላ ላይ አይጠቀለልም።

ሜትሩ ያረጀ ከሆነ ከመለካታችሁ በፊት ከብረት ማስመሪያ ጋር አስተያዩት። ጨርቅ ሲሳብ ይረዝማል፤ የረዘመ ሜትር ደግሞ ወገብን ያሳንሳል። ጫፉ ላይ ያለችውን ብረትም እዩ። እሷ ተነቅላ ከሆነ ዜሮውም አብሮ ሄዷል።

ልብስ ሰፊዬ ወገቤን 84 አለኝ፤ ቤቴ ስለካ 95 መጣ። ማን ተሳሳተ?

ማንም አልተሳሳተም። ሁለታችሁ የለካችሁት ሌላ ሌላ ቦታ ነው።

ልብስ ሰፊው የሚለካው ሱሪው የሚታሰርበትን ነው። ቦርጭ ያለው ሰው ደግሞ ሱሪውን የሚያስረው ከቦርጩ በታች ነው። ስለዚህ ቦርጩ ወደ ፊት እየገፋ የሱሪው ቁጥር ሳይነቃነቅ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። "እኔ እኮ ከተማሪነቴ ጀምሮ 32 ነው የምለብሰው" የሚሉ አባወራዎች በየቤቱ አሉ። 32 ኢንች 81 ሳንቲ ሜትር ነው። እምብርታቸው ላይ ሜትር ብታዞሩ 100 ሊደርስ ይችላል። ቀበቶው ነው ቀስ እያለ ወደ ታች የወረደው። የተዘጋጀ ሱሪ ከገዛችሁ ደግሞ ታግ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ጭራሽ አትመኑት፤ 32 የተባለው ጨርቅ ሲለካ ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ይመጣል።

ሌላም ነገር አለ። ጥሩ ልብስ ሰፊ ስትቀመጡ እንዳያጣብቃችሁ ሜትሩ ሥር ጣቱን ያስገባል፤ ትንሽ ያላላል። ለልብስ ደግ ነው። ለኛ ሥራ ግን ያ ጣት አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይጨምራል፣ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ላያስገባው ይችላል። ልብስ ለማሰፋት የተወሰደውን ልክ ደብተራችሁ ላይ አትጻፉት።

ታዲያ ወገብ የት ላይ ነው የሚለካው?

ከሁሉም ልክ ይህን አንዱን በደንብ ከያዛችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ ባይ ነኝ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት አናት መሐል ያለውን ቦታ ነው።

ቁሙ። በጎናችሁ በኩል ጣታችሁን ከብብት ወደ ታች አውርዱ። የጎድን አጥንት የሚያልቅበት ቦታ ይገኛል። ከዚያ ከታች ጀምራችሁ የዳሌውን አጥንት ጫፍ ፈልጉ፤ እጃችሁን ወገባችሁ ላይ ስትጭኑ አውራ ጣት የሚያርፍበት አካባቢ ነው። የሁለቱን መሐል በእስክሪብቶ ነጥብ አድርጉበት። ሜትሩ በዚያ ነጥብ ላይ ይዙር።

እግር ጠጋ ጠጋ ይበል፣ ክንድ ዘና ይበል። ሜትሩ ከፊት ቀጥ ብሎ ከኋላ መውረድ ይወዳል፤ መስታወት ወይም ሰው ካለ ጀርባችሁን አሳዩ። ቆዳውን ይንካ እንጂ አያሰርጉደው። ትንፋሻችሁን እንደ ወትሮው አውጡና መጨረሻው ላይ ቁጥሩን አንብቡ። ሆድ መሳብ የለም፤ ፎቶ አይደለም። ሁለቴ ለኩ። ልዩነታቸው ከ1 ሳንቲ ሜትር ካልበለጠ መሐሉን ያዙ፤ ከበለጠ ሁለቱንም ትታችሁ እንደገና ጀምሩ።

እምብርት ላይ የሚለኩ አሰልጣኞች አሉ። ቦታው ስለማይጠፋ ይመቻል፣ አልቃወምም። ግን የእምብርቱና የመሐሉ ቁጥር አንድ አይሆንም። አንዱን መርጣችሁ በዚያው ቀጥሉ፤ ደብተሩም ላይ "እምብርት" ብላችሁ ጻፉ።

ሌላው የሰውነት ክፍልስ?

ዳሌ መቀመጫ በጣም በሚሰፋበት ይለካል። ክንድ ከትከሻ አጥንት ጫፍ እስከ ክርን ያለውን ርቀት ለክታችሁ መሐሉ ላይ። ተወጥሮ የተለካ ክንድ ዘና ካለው ይበልጣል፤ የቱን እንደለካችሁ ጻፉ። ለጭን ከጉልበት ሎሚ የላይኛው ጠርዝ 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ቆጥራችሁ ምልክት አድርጉ። "ወፍራሙ ቦታ" ብትሉ በየወሩ ቦታው ይዞርባችኋል። ባት ወፍራሙ ላይ፣ አንገት ከማንቁርት ዝቅ ብሎ፣ ደረት በጡት ጫፍ መስመር።

ሁሉንም መለካት ግዴታ አይደለም። ወገብ፣ ዳሌ፣ ክንድና ጭን ለአብዛኛው ሰው ይበቃሉ። አሥራ ሁለት ቦታ እለካለሁ ብሎ የጀመረ ሰው በሁለተኛው ወር ሜትሩን ይጥለዋል።

ደሴ ጠዋት ላይ ብርዱ አይቻልም። በሹራብ ላይ ብለካስ?

አይሆንም። በቆዳ ላይ፣ ቢበዛ በስስ ካናቴራ። በሐምሌ በሹራብ፣ በሚያዝያ በካናቴራ ተለክታችሁ ብታወዳድሩ የምታገኙት የአየር ጠባይ ነው። ብርድ ላይ ሰውነት ይኮማተራል፣ ሆድም ይሳባል፤ ስለዚህ ክፍሉ ትንሽ እስኪሞቅ ጠብቁ። ኮምቦልቻ ያላችሁ ከዚህ ተገላግላችኋል። የእናንተ ጣጣ ላብ ነው። ላብ ባለው ቆዳ ላይ ሜትር አይንሸራተትም፣ አንድ ቦታ ተይዞ ይቀራል፤ አድርቃችሁ ለኩ።

ሥራዬ ኮምቦልቻ፣ ቤቴ ደሴ ነው። ከፍታው ልኩን ይቀይረዋል?

ሜትሩን አይቀይረውም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ ናቸው። በሁለቱ መሐል ያለውን የሐረጎን ዳገት ስትወጡና ስትወርዱ የሚቀየረው ትንፋሽና የልብ ምት ነው። የልብ ምታችሁን የምትመዘግቡ ከሆነ የት ሆናችሁ እንደቆጠራችሁ ጻፉ። ወገብ ግን የትም ወገብ ነው።

መቼ ልለካ? በየስንት ጊዜው?

ጠዋት፣ 12 ወይም 1 ሰዓት ላይ፣ ሽንት ቤት ከሄዳችሁ በኋላ፣ ቁርስም ቡናም ሳይቀመስ። ከስፖርት በኋላ አትለኩ። ጡንቻ ሲሠራ ደም ይሞላዋል፣ ክንድም ለጊዜው ያብጣል። ከጂም በር ላይ ክንዱን ለክቶ ለጓደኛው የሚልክ ሰው የለካው ደም ነው።

በየ4 ሳምንቱ አንዴ ይበቃል። ወገብን ብቻ በየሳምንቱ ማየት ለሚፈልግ አልከለክልም፤ በየቀኑ ግን ራስን ማሳበድ ነው። በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ "ወር በገባ በ1" ብሎ መያዝ ይቀላል፤ የምታጣላው ጳጉሜን ብቻ ናት። ሴቶች ከወር አበባችሁ አንጻር ተመሳሳይ ቀን ምረጡ። ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ብዙዎች ውሃ ይይዛሉ፣ ሆድም ይነፋል። ያን ቀን ከሌላ ቀን ጋር ማወዳደር ያለ ጥፋት መቀጣት ነው።

የኢድና የፋሲካ ማግሥት ሜትሩን አታውጡ። አንድ ሳምንት ይለፍ። ሌሊቱን ጫት ላይ አምሽቶ ሳይበላ ያደረ ሰውም በጠዋት "ሆዴ ገባ" ቢል አይቆጠርለትም።

ጾምና ረመዷን ላይ እንዴት ላድርግ?

ወሎ ውስጥ አንድ ግቢ ሁለቱንም የሚጾሙ ሰዎች ስላሉበት ይህ ጥያቄ ከሁለቱም በኩል ይመጣል።

በረመዷን ከንጋት እስከ ፀሐይ ግባት ውሃም የለም። ከሰዓት በኋላ ብትመዘኑ ቀላችሁ ትገኛላችሁ፣ ከኢፍጣር በኋላ ደግሞ ሳምቡሳውም ሾርባውም ውሃውም ቁጥር ላይ ይገባል። ጥሩው ከረመዷን በፊት ባለው ሳምንት አንዴ፣ ከኢድ ሁለት ሳምንት በኋላ አንዴ ለክቶ እነዚያን ማወዳደር ነው። በወሩ ውስጥ የሚወርደው ክብደት ብዙውን ጊዜ ስለሚመለስ በመሐል በሚታየው ቁጥር መደሰትም ማዘንም መቸኮል ነው።

ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሥጋም ወተትም እንቁላልም የለም። እዚህ ላይ ከወገብ ይልቅ ክንድና ጭንን ተከታተሉ። ወገብ እዛው ሆኖ ክንድና ጭን ከሳሱ የሄደው ጡንቻ መሆኑን መጠርጠር ነው። ሽሮው ይወፍር፣ ምስር፣ ባቄላና አተር ይጨመር፣ ስፖርቱም ከነጭራሹ አይቋረጥ። ድንችና ፓስታ ብቻ እየበሉ ጾሙን የሚጨርሱ ሰዎች ወገባቸው ሳይቀንስ ክንዳቸው ይከሳል።

ስንት ሲቀንስ ነው "ቀነሰ" የሚባለው?

ራሳችሁን በአንድ ጠዋት ሁለቴ ብትለኩ እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከ1 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነ ለውጥ ወሬ አይደለም። መስከረም 1 ላይ 96፣ ጥቅምት 1 ላይ 95.5 ካገኛችሁ "ምንም" ብላችሁ እለፉ። ኅዳር ላይ 94.5፣ ታኅሣሥ ላይ 92 ከመጣ ግን አቅጣጫው ግልጽ ነው።

አንድ ምሳሌ እንያዝ። ቁመቱ 172 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው ነው እንበል። ሲጀምር ክብደቱ 81 ኪሎ፣ ወገቡ 96፣ ዳሌው 101፣ ክንዱ 31 ነበር። ከሦስት ወር በኋላ 80 ኪሎ፣ ወገቡ 92፣ ዳሌው 100፣ ክንዱ 32 ሆነ። ሚዛን ብቻ ቢያይ ኖሮ "ሦስት ወር ለፍቼ አንድ ኪሎ!" ብሎ ይተወው ነበር። ሜትሩ ግን ከሆዱ 4 ሳንቲ ሜትር መሄዱን፣ ክንዱ ደግሞ መሙላቱን ነገረው።

ይህ እንዴት ይሆናል ካላችሁ፣ አንድ ሊትር ስብ ወደ 0.9 ኪሎ፣ አንድ ሊትር ጡንቻ ወደ 1.06 ኪሎ ይመዝናል። ክብደታቸው እኩል ሲሆን ስቡ ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛል። ስብ ወጥቶ ጡንቻ ሲገባ ሚዛኑ ዝም ይላል፣ ሱሪው ግን ይላላል።

ለጤና የሚባለው ቁጥር ስንት ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነ ወገብ ለልብ ሕመምና ለስኳር የመጋለጥ ዕድልን ይጨምራል ይላል። ለወንድ ከ102፣ ለሴት ከ88 ካለፈ አደጋው ብሶ ይታያል። ወገብን ለዳሌ ስታካፍሉ ደግሞ ለወንድ 0.90፣ ለሴት 0.85 ላይ መጠንቀቅ ይጀምራል። የምሳሌያችን ሰውዬ ከ0.95 ወደ 0.92 ወርዷል፤ ገና ይቀረዋል ማለት ነው።

እነዚህ ድንበሮች በብዛት የወጡት ከአውሮፓውያን ጥናት ነው፤ ለኛ አህጉር የተለየ እስኪገኝ በነሱ እንሠራለን። እኔ የምወደው ቀላሉን ነው፦ ወገብ ከቁመት ግማሽ አይብለጥ። ቁመቱ 172 የሆነ ሰው 86 ድረስ። ሜትር ባይኖር እንኳ ቁመታችሁን በገመድ ለክታችሁ ለሁለት አጥፉትና ወገባችሁ ላይ አዙሩት። ካልገጠመ ሥራ አለ።

ክብደትን ለቁመት ካሬ የሚያካፍለው ቢኤምአይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቤልጂየማዊው አዶልፍ ኬትሌ ካመጣው ስሌት የመጣ ነው። እሱ የፈለገው የብዙ ሕዝብን አማካይ ማወቅ ነበር። በጡንቻ የተሞላን ሰው "ወፍራም" ሲለው የሚገርመው ለዚህ ነው።

ቀኝ ክንዴ ከግራው ይበልጣል። ልጨነቅ?

አይ። ዕቃ የምትሸከሙበት፣ የምትጽፉበት እጅ ትንሽ መብለጡ የተለመደ ነው። ሁልጊዜ አንዱን ወገን ለኩ። ማወዳደር ካማራችሁ ሁለቱንም፣ ግን በየሦስት ወሩ።

ጓደኛዬ ክንዱ 40 ነው፣ የኔ 33። ምን ጎደለኝ?

ቁመቱን፣ አጥንቱን፣ ስንት ዓመት እንደሠራ፣ ከ40ው ውስጥ ስንቱ ስብ እንደሆነ ሳታውቁ ቁጥሩን ምን ታደርጉታላችሁ? ያውም ተወጥሮ፣ ከጂም እንደወጣ የተለካ ሊሆን ይችላል። የእናንተ 33 የሚወዳደረው ካለፈው ወር 32ችሁ ጋር ነው።

ሴት ነኝ፣ አሰልጣኙ ወንድ ነው። እንዲለካኝ አልፈልግም።

አታስለኪ። ምንም ሰበብ ማቅረብም አያስፈልግሽም። እህትሽ ወይም ጓደኛሽ ቤት ውስጥ ትለካሽና ቁጥሩን ብቻ ለአሰልጣኙ ስጪው። እንዲያውም ይሻላል፤ በየወሩ አንድ ሰው ሲለካ የእጅ ልዩነት ይቀንሳል። "እኔ ካልለካሁ አላሰለጥንም" የሚል አሰልጣኝ ካጋጠመሽ ሌላ ፈልጊ።

ጂም ያለው ማሽን ስቡን በመቶኛ ይናገራል። እሱን ልመን?

በእግር ወይም በእጅ በኩል አነስተኛ ኤሌክትሪክ እየላከ ነው የሚገምተው። ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በውሃ ስለሆነ ውሃ የጠጣና ያልጠጣ፣ የላበውና ያልላበው የተለያየ መቶኛ ያገኛሉ። አቅጣጫ ለማየት ይሆናል፤ በአንድ ማሽን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት ሁኔታ። ቁጥሩን እንደ ወርቅ ግን አትያዙት።

ጤና ኬላ የሕፃናት ክንድ የሚለኩበት ባለ ቀለም ወረቀት ለኔ ይሆናል?

እሱ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት የምግብ እጥረት መለያ ነው። ቀዩ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች፣ ቢጫው እስከ 12.5፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። ለእናንተ ስፖርት አይሆንም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የልጃችሁን ክንድ ለክታ ቢጫ ካለች ግን የራሳችሁን ልክ ትታችሁ እሱን ስሙ። ልጆችን ለውበት ብሎ መለካት፣ ነፍሰ ጡርንም "ስንት ጨመርሽ" እያሉ ሜትር ማዞር የለም።

ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ልክ አለ?

አለ። ሳትሞክሩ፣ አመጋገብም ስፖርትም ሳትቀይሩ ቀበቶው ቀዳዳ እየጨመረ ከመጣ "ጥሩ ነው" አትበሉ። ስኳር፣ ቲቢ፣ የታይሮይድ ችግርና ሌላም ሊሆን ይችላል። ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ውሃ ጥም ከታከለበት አትቆዩ። ሆድ ብቻ እያበጠ እጅና እግር ከቀጠኑ እንዲሁ።

አንድ ባት ከሌላው በድንገት ወፍሮ፣ በተለይ 3 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ልዩነት አሳይቶ፣ ከሞቀና ካመመ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ከአዲስ አበባ ቀኑን ሙሉ በአውቶብስ ተቀምጦ የመጣ ሰው ላይ፣ ከቀዶ ጥገና ወይም ከወሊድ በኋላም ያጋጥማል። አታሹት፣ ስፖርትም አትሥሩበት። በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ሂዱ፤ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ደግሞ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።